ሁሉም ቁስሉን አየ፣ የተቀመጥኩበትን ያየ የለም

ይህን የምጽፈው ቁጭ ብዬ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጀምር ምን ለማለት ነው ይባላል፤ የሚጽፍ ሰው ድሮስ ቁጭ ብሎ አይደለም? እኔ ግን ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል የተማሪ ደብተር ያረምኩት፣ ምሳ የበላሁት፣ እንግዳ የተቀበልኩት አብዛኛውን ጊዜ በሆዴ ተኝቼ፣ ክርኔን ትራስ ላይ ተክዬ ነው። ያስተኛኝ የአከርካሪዬ መሰበር አይደለም። እሱን ያደረሰብኝ መኪና ነው፤ አልቅሼ አልቅሼ ተቀብዬዋለሁ። ያስተኛኝ ስፖንጅ ነው። ሶፋ ውስጥ የሚገባው፣ ፍራሽ የሚሆነው፣ ሱቅ በር ላይ ተጠቅልሎ የሚቆመው ስፖንጅ። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። አልቀየምም፤ በራሴ ባይደርስ እኔም እስቅ ነበር።

እናኑ እባላለሁ። ደባርቅ ከተማ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ደሳለኝ የግብርና ባለሙያ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ጎንደር ስንወርድ የተሳፈርኩበት መኪና ተገለበጠና ኅብለ ሰረሰሬ፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ተጎዳ። ከወገቤ በታች መንቀሳቀስም ስሜትም የለኝም። ብዙ ወራት ታክሜ ዊልቸር ይዤ ቤቴ ገባሁ። ትምህርት ቤቱ ክፍሌን ደረጃ ከሌለበት ሕንፃ አደረገልኝና መስከረም ላይ ጠመኔዬን ይዤ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ጎበዝ አለኝ። እኔም ከባዱ አለፈ ብዬ ነበር።

የዊልቸሩ መቀመጫ የተወጠረ ሸራ ነው፤ ውሎ ሲያድር ይረግባል። ደሳለኝ ይህን አይቶ አንድ ቅዳሜ ጎንደር ወርዶ ስፖንጅ ገዛልኝ። ሲያመጣው ፊቱ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። እጄን ሳሳርፍበት እንደ ቦካ ሊጥ ዋጠው።

“ሁሉንም ሱቅ ዞሬ ነው የመረጥኩት፤ ከዚህ የሚለሰልስ የለም” አለኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ተንደላቅቄ ተቀመጥኩ። ችግሩ፣ ተመቸኝ የምለው በጀርባዬና በክንዴ እንጂ በተቀመጥኩበት አካሌ አለመሆኑ ነው። እሱ አካሌ አይመቸውም፣ አይከፋውም፤ የሚነግረኝ ነገር የለም። ጤነኛ ሰው ወንበር ላይ ሲቆይ ሳያስበው ግራ ቀኝ ይላል። ሥጋው አጥንትና ወንበር መሀል ሲጨፈለቅ፣ ደም መዘዋወር ሲያቅተው፣ ያመዋልና ይንቀሳቀሳል። እኔን ማን ያሳምመኝ?

ኅዳር ላይ ትኩሳት ጀመረኝ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ብርድ ብርድ ይለኝና እግሮቼ ያለ እኔ ትእዛዝ ይንቀጠቀጣሉ። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድን። ደም ተቀዳና ታይፎይድና ታይፈስ ተባልኩ። እኛ አገር ያተኮሰው ሰው ሁሉ ታይፎይድና ታይፈስ አለበት፤ አንዱ ብቻውን መጥቶ አያውቅም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ትኩሳቱ ለአሥር ቀን ቀነሰና ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው አለኝ። ይህኛው እንኳ እንደኔ ላለ ሰው የሚጠበቅ ነው፤ አልፈረድኩም። የእሱንም መድኃኒት ዋጥኩ። ቀሚሴ ላይ ትንሽ እርጥበት ማየት ስጀምር ሦስተኛ ቦታ ሄድኩ። ባለሙያው ከወንበሬ እንዲያነሱኝ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ከጎን በኩል ጎንበስ ብሎ አየት አደረገና “የሙቀት ሽፍታ ነው” ብሎ ቅባት ጻፈልኝ። ደባርቅ ውስጥ፣ በታኅሣሥ፣ ጠዋት ጠዋት የውኃው በርሜል አፉ በረዶ በሚሠራበት ወቅት፣ የሙቀት ሽፍታ። ቅባቱን ገዝቼ ተቀባሁ። የሳይንስ መምህርት ነኝ፣ አልጠየቅኩም። ይህን ስጽፍ የሚያናድደኝ እሱ ብቻ አይደለም።

ነገሩን ያወቀችው ታናሽ እህቴ አትጠገብ ናት። ኮላ ድባ ላይ የልብስ ሱቅ አላት፤ ብቻዋን ከዜሮ ያቋቋመችው። ደክሞኛል ስላት ሱቋን ለሁለት ቀን ዘግታ ልትጠይቀኝ መጣች። ልታጥበኝ ወደ ጎን ገለበጠችኝና ሳሙናውን አስቀመጠች። አትጠገብ የጀመረችውን የምታቋርጥ ሰው አይደለችም።

“ምን አየሽ?” አልኳት።

“እቴ፣ ይህ ሽፍታ አይደለም። ጣቴ ይገባል።”

የሁለት ቀን እንግድነቷ በዚያ አበቃ። ሱቋን ዘግታ ከእኔ ጋር ቀረች።

ጎንደር አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋ ገባን። እሱ ቁስሉን በትክክል አየ፤ ውለታውን አልክድም። “የግፊት ቁስል ነው” አለን። “ከላይ የሚታየው ትንሽ ነው፤ ውስጡ ሰፊ ነው። አጥንት ከገባ ግን ሕይወትሽንም ሊወስድ ይችላል። ትኩሳቱም ከዚህ ነው።” የሞተውን ሥጋ አነሳ፣ መርፌ አዘዘ፣ ለሦስት ወር እንዳልቀመጥ ከለከለኝ። በሆዴና በጎኔ እየተፈራረቅኩ እንድተኛ፣ በየሁለት ሰዓቱ እንድገላበጥ። ስንወጣ አትጠገብ “ከዚያ በኋላስ?” አለችው። “ከዚያ በኋላ ለስላሳ ነገር ላይ ትቀመጥ” አላት።

ለስላሳ ነገር። ይህቺ ቃል ስንት ወር እንደበላችብኝ።

ሦስት ወር ተኛሁ። አትጠገብ በየሁለት ሰዓቱ ስልኳ ሲጮህ እየተነሳች ገለበጠችኝ፤ ማታ ከሥራ ሲመለስ ደሳለኝ ይረዳታል። ቁስሉ ሞላ፣ ቆዳ ለበሰ። ደስ ብሎን ስፖንጁ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ተከፈተ። ሐኪሙ “ብዙ ተቀምጠሻል” አለ። እንደገና ተኛሁ፣ እንደገና ዳነ፣ እንደገና ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተከፈተ። “ምግብሽ ፕሮቲን ያንሰዋል” ተባልኩ። እንቁላል በላሁ። ሽሮ ትቼ ሥጋ በላሁ። የጾም ወቅት ነበርና ንስሐ አባቴን አስፈቅጄ ወተት ጠጣሁ። ስቀመጥ ተከፈተ።

እናቴ ከዳባት መጥታ ጠበል ልውሰድሽ አለች። ለሁለት ሳምንት ወሰደችኝ፤ ሄድኩ፤ ልቤን አሳርፎልኛል። ሆኖም ያን ጊዜ በሆዴ ተኝቼ ነበርና ቁስሉ ደህና ነበር። ቤት ገብቼ ስቀመጥ ተመለሰ። እናቴም በእምነቴ ማነስ ፈረደች።

ቤተ ዘመድ ደግሞ ሁሉም የሚለሰልስ ነገር ይዞ ይመጣል። እናቴ ድርብ አጎዛ አመጣች። የደሳለኝ አጎት ከባጃጅ የውስጥ ጎማ ተነፍቶ የተሠራ ክብ ነገር ላከ፤ ቁስሉ ቀዳዳው ላይ ይሆንና አይነካም ብሎ። ሲታይ ብልሃት ይመስላል። ግን ቀለበቱ ዙሪያውን ይዞ ያንቃል፣ መሀሉ ደም አያገኝም፤ በአራት ቀን ዙሪያው ጠቆረ። ውጭ አገር ያለች የልጅነት ጓደኛዬ እጅ ሲጫኑት ቅርጹን ይዞ የሚቀር ውድ ትራስ ላከች። ለሕክምና ጎንደር ስንሰነብት ጥሩ ነበር። ደባርቅ ስንመለስ ያ ዓይነቱ ስፖንጅ ብርድ እንደማይወድ ታወቀ፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ጣውላ ይደርቅና እስኪሞቅ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አትጠገብ እሳት ዳር ስታሞቀው አንድ ጥጉ ቀለጠ።

ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ ገባ። ደሳለኝ “በደንብ አላገላበጥሻትም” ይላታል። አትጠገብ “አንተ ሥራ ላይ ስትሆን ማን ነበር ያለው?” ትለዋለች። እኔ በሆዴ ተኝቼ ግድግዳ እያየሁ እሰማለሁ። ከቁስሉ ይልቅ ያ ያመኝ ነበር። ቁስሉማ አያመኝም።

ለአራተኛ ጊዜ ሲከፈት ጎንደር ወርደን ከሐኪሙ በር ፊት ተራ ያዝን። የተራ መጠበቂያው ጠባብ ኮሪደር ነው፤ አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘዋል፣ ዊልቸር ሲያልፍ ሁሉም እግሩን ይሰበስባል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምረን እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥን። የምተኛበት ቦታ ስላልነበረ ስፖንጁን ደርበን ነበር፤ ሁለት እጥፍ፣ በላዩ አጎዛ። አጠገቤ ሌላ ዊልቸር ላይ አንድ ሽበታም ሰው አሉ። አያ ሙጬ ይባላሉ፤ ከሳንጃ ናቸው። ሰሊጥ ሲጭኑ ከመኪና ላይ ወድቀው እንደኔ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ለኩላሊት ምርመራ ነው የመጡት።

“ቁስል ነው?” አሉኝ።

“አዎ።”

“ስንተኛሽ?”

“አራተኛዬ።”

የተቀመጥኩበትን ቁልል ከላይ እስከ ታች አዩት። “ምነው እንዲህ ከመርሽው?”

“እንዲለሰልስ ነው አያ።”

አያ ሙጬ አፋቸውን ጠረጉና ወደ እህቴ ዞሩ። “ልጄ፣ እጅሽን ስጪኝ። መዳፍሽን ወደ ላይ አድርጊና ከስፖንጁና ከወንበሩ ሸራ መሀል ስደጂ። ከመቀመጫ አጥንቷ ሥር እስኪደርስ። እሷ ትቀመጥ፣ አታንሺያት።”

አትጠገብ ሰው እንዳያያት ነጠላዋን ሸፈን አድርጋ እጇን ሰደደች። ምንም አይሰማኝም፤ ፊቷን ብቻ ነው የማየው። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

“ምን አገኘሽ?” አሉ አያ ሙጬ።

“አጥንቷን” አለች። “አጥንቷ መዳፌ ላይ ነው።”

“ስፖንጁስ?”

“የለም። አልቋል። እንደ ወረቀት ሆኗል።”

“ሁለት ጣት የሚያህል መቅረት አለበት” አሉ አያ ሙጬ። “እሱ ካልቀረ፣ ሣንቃ ላይ ነው የተቀመጠችው። የሚለሰልስ ሁሉ ቶሎ ይሸሻል። አጥንት ደግሞ መሬት እስኪያገኝ ይወርዳል። እኔንም ሁለት ዓመት በልቶኛል።”

አትጠገብ እጇን አውጥታ መዳፏ ላይ የቀረውን ቀይ ምልክት አየችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ በዚያ ሁሉ ወር ስታለቅስ አላየኋትም። እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም። ንዴት ነው የመጣልኝ። ስንት ሰው ነው ቁስሌን ያየው? ስንት ጊዜ ተለክቷል፣ ታጥቧል፣ ፎቶ ተነስቷል። አንድም ሰው፣ እኔም ራሴ፣ የተቀመጥኩበትን ገልብጦ ያየ የለም።

ሐኪሙ ጋ ስንገባ ነገርነው። ጥሩ ሰው ነው፤ አልተከራከረም። ትንሽ አሰበና “ልክ ናቸው፤ ‘ለስላሳ’ ማለቴ ስህተት ነበር። ክብደቷን የሚያከፋፍል ማለት ነበረብኝ” አለ። ግን የት እንደሚገኝ አያውቅም። ለዊልቸር ተብሎ የሚሠራው ትራስ በከተማው የለም፤ ከውጭ ይምጣ ቢባል አቅማችን አይደለም። “ዋናው ነገር መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን፤ እስከዚያ የሚሆነውን ፈልጉ” አለን።

ከባዱ ሥራ ደሳለኝን መንገር ነበር። ማታ ሲመጣ አትጠገብ ወጥ ልታሞቅ ብላ ወጣች፤ ሆን ብላ ነው። ነገርኩት። ስፖንጁን አነሳና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጨመቀው፤ ጣቶቹ ተነካኩ።

“እኔ ነኝ እንግዲህ” አለ።

“አንተ አይደለህም። ስፖንጁ ነው።”

“መርጬ ነው ያመጣሁት። ዞሬ ዞሬ።”

“አውቃለሁ። እኔም ተቀብዬ ተቀምጬበታለሁ። እጄን አሳርፌ እንዴት ይጥማል ያልኩት እኔ ነኝ።”

ስፖንጁን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ማድቤቱ ዞሮ “አትጠገብ” ብሎ ጠራትና ይቅርታ ጠየቃት። እንዴት እንዳለ አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያ ጭቅጭቅ አልተመለሰም።

ቁስሉ በድጋሚ እስኪዳን ጎንደር አክስቴ ቤት ተኛሁ። ሲሻለኝ በጎኔ ጋደም ብዬ ባጃጅ ላይ እየተጫንኩ ስፖንጅ ፍለጋ ጀመርን። ስፖንጅ ሻጭን ምን ዓይነት ይሻላል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆን? ሁሉም “አንደኛ ደረጃ” ነው። ሁሉም “ኦሪጅናል” ነው። አንዱ “ሃይ ደንሲቲ ነው” አለኝ። ምን ማለት ነው ስለው “ጠንካራ ማለት ነው” አለ። ሌላው ያንኑ ቃል ተናግሮ “ለስላሳ ማለት ነው” አለ። ሦስተኛው “የውጭ ማለት ነው” አለ።

ባጃጁ ውስጥ ተጋድሜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ደንሲቲ እኮ እፍግታ ነው። እፍግታ እኮ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል። ድንጋይና ቡሽ አምጥቼ ልጆቹን አስመዝናለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ መልሱ ላይ ተቀምጬ ነው የቆሰልኩት።

“አትጠገብ፣ እኩል ስፋትና እኩል ውፍረት ያላቸውን ሦስት ቁራጭ ምረጪና መዝኚልኝ” አልኳት።

ሻጩ አልጣመውም። “ስፖንጅ በሜትር እንጂ በኪሎ አይሸጥም” አለ።

“እኛም በኪሎ አንገዛም” አለችው። “ልንመዝነው ብቻ ነው።”

ከጎኑ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ሚዛኗን ሰጠችን። የመጀመሪያው ቁራጭ ደሳለኝ የገዛው ዓይነት ነበር፤ ሚዛኑን እምብዛም አላነቃነቀውም። ሦስተኛው በመጠን እኩያው ነው፤ ክብደቱ ግን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ሲነኩት ደግሞ ከመጀመሪያው ብዙም አይጠነክርም፣ አይደርቅም። ሻጩ ራሱ ጠጋ ብሎ አየ። ስንት ዓመት ሲሸጥ እንዳላወቀው ከፊቱ ያስታውቃል። የበርበሬዋ ሴትዮ “ታዲያ ባዶውን ነው እንዴ የምትሸጥልን?” አለችው። ቁራጮቹን መልሶ ደረደረ።

ሻጩ ግን ከፋም ለማም አንድ ደግ ነገር አደረገ። ወደ ቀሐ ወንዝ ሲወረድ ሶፋና የመኪና ወንበር የሚሠሩ ሰው አሉ ብሎ ጠቆመን። አያ ፈንቴ ይባላሉ። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ደጁ ላይ አንጀታቸው የተጎለጎለ አሮጌ ሶፋዎች ተደርድረዋል። ታሪኬን እስክጨርስ ሚስማር ከአፋቸው አላወጡም።

“ሸጋ” አሉ በመጨረሻ። “ስፖንጅ የሚያውቅ በሽተኛ መጣልኝ።”

ከአንድ አሮጌ የሚኒባስ ወንበር ውስጥ ቢጫ ስፖንጅ ጎትተው እጃቸው ላይ አሹት። እንደ ዱቄት ረገፈ። “ቀላሉ ስፖንጅ እንዲህ ነው የሚሞተው። ባዶ አየር ነው፤ ዓመት አይሞላውም፣ ወንበሩ ላይ ጉድጓድ ይሆናል። ለሶፋ መደገፊያ፣ ለራስ ትራስ ይሁን፤ ማን ይጫነዋል? ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጡበት ግን አይሆንም። ሁለት ነገር አታምታቺ። ክብደቱ ዕድሜውን ነው የሚነግርሽ፤ ጥንካሬው ሌላ ነው። ከባድ ሆኖ ለስላሳ አለ፤ ቀላል ሆኖ ደረቅም አለ። ያንን ደረቅና ቀላል ስፖንጅ ሰው በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ጠንካራ ነው ብሎ ይገዛዋል። በወሩ ይሰበራል።”

“ለእኔስ የቱ ይሁን?”

“ለአንቺ የሚሆን ሠርቼ አላውቅም። ዋሽቼ አልሸጥልሽም። እንሞክር።”

ይህን ቃል የሰማሁት በዚያ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አላውቅም ያለኝ ሰው እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አልተሳካም። አያ ፈንቴ ከባድና ጠንካራ ስፖንጅ ቆርጠው፣ ሽንት እንዳያበላሸው ብለው በሶፋ ሌዘር ወጥረው ሰፉት። አትጠገብ እጇን ስትሰድ ከሁለት ጣት በላይ አገኘች፤ ተደሰትን። ሐኪሙ በቀን ለግማሽ ሰዓት እንድቀመጥ ፈቀደ። በሦስተኛው ቀን በስልክ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ፤ በሁለቱም አጥንት ላይ ቀይ ምልክት አለ። ጫን አድርጋ ስትለቀው አይነጣም። ያ ማለት ሥጋው መጎዳት ጀምሯል ማለት ነው። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ከአሁን በኋላ አልቀመጥም፣ ጡረታ አውጡኝ፣ እዚሁ ተኝቼ እሙት አልኩ። ደሳለኝ ከደባርቅ መጥቶ ነበር። አላባበለኝም። ትራሱን በብብቱ ይዞ ወደ ቀሐ ወረደና በማግስቱ አያ ፈንቴን ራሳቸውን ይዟቸው መጣ።

አያ ፈንቴ ዊልቸሩን ገልብጠው አዩት። “ሸራው ረግቧል” አሉ። “ከታች የረገበ ነገር ላይ ምን ቢሠሩ ዋጋ የለውም።” ስስ ጣውላ ቆርጠው ከሥሩ ገጠሙ። ከጣውላው በላይ ከስፖንጅ ቁርጥራጭ ተጨምቆ የሚሠራውን፣ ዥንጉርጉሩን ጠንካራ አደረጉ። መቀመጫ አጥንቶቼ በሚያርፉበት ከኋላ በኩል ሰፋ አድርገው ዝቅ አደረጉት፤ እንደ ጎማው ቀዳዳ ሳይሆን እንደ ሰፊ ሰሃን፣ ጭነቱ ወደ ጭኔ እንዲሄድ። ከላይ ያንን ያሉኝን ከባድ ሆኖ ለስላሳ ስፖንጅ አለበሱት። ሌዘሩን እኔው ነኝ የተቃወምኩት፤ ሲወጠር እንደ ከበሮ ይሆናል፣ ስፖንጁ እንዲታዘዝ አይፈቅድለትም፣ ላብም ያፍናል። አትጠገብ ከሱቋ የሚለጠጥ የሹራብ ጨርቅ አስልካ ሰፋ ብሎ የሚወልቅና የሚታጠብ ልብስ አለበሰችው።

ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ፎቶ ተነሳ። ቀይ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። በማግስቱም ጠፋ። በሳምንቱ አንድ ሰዓት ሆነ።  አንድ ወር ሞላ፣ ሁለት ወር ሞላ፤ አልተከፈተም። በአምስተኛው ወር ሐኪሙ ጠባሳውን በጣቱ ዳሰሰና “ከእንግዲህ በየስድስት ወሩ ብቻ ነይ” አለኝ። ስለ ትራሱ አሠራርም ጠይቆኝ ወረቀት ላይ ሣለው፤ ለሌሎች ልንገራቸው ብሎ።

አንባቢ ስፖንጅ ብቻውን አዳነኝ እንዳይመስለው። በየሃያ ደቂቃው ሰዓት አይቼ ወደ ፊትና ወደ ጎን አዘነብላለሁ፤ ተማሪዎቼ ለምደውታል፣ ስረሳ “ቲቸር ዘንበል” ይሉኛል። ጠዋትና ማታ በመስታወት አያለሁ። ስፖንጁም የማያልቅ አይደለም፤ እጅ ሲሰደድ ማነስ ከጀመረ ያለ ርኅራኄ ይቀየራል። ቤታችሁ እንደ እኔ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ የሚውል ሰው ካለ ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት የተቀመጠበትን ገልብጡ። ስትገዙ ደግሞ ዳብሳችሁ ብቻ አትግዙ። ሻጩ ቢቆጣም መዝኑት።

አትጠገብ የሄደችው በመስከረም መጨረሻ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተምሬ፣ ቆዳዬ ሰላም መሆኑን አይታ ካረጋገጠች በኋላ። ሱቋ ከዓመት በላይ ተዘግቷል፤ ግማሹ ዕቃ ፋሽኑ አልፎበታል፣ ደንበኞቿ ሌላ ለምደዋል። አንድ ቀን እንኳ በአንቺ ምክንያት ብላኝ አታውቅም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። እሷ በእግሯ፣ እኔ ጎማዬን እየገፋሁ፣ ደሳለኝ ሻንጣዋን ይዞ። ሚኒባሱ እስኪሞላ መስኮቱ አጠገብ ቆየን።

“እቴ፣ ልጠይቅሽ” አለች በመስኮቱ። “ማን ያይልሻል አሁን?”

“ደሳለኝ ያያል። እኔም በመስታወት አያለሁ።”

“እጁ ትልቅ ነው፤ ልኩን አያውቅም።”

ደሳለኝ “አውቃለሁ” አለ። “አስተምረሽኛል እኮ።”

“ስልክ ደውዪ” አለችኝ። “ትንሽ ቀይ ካየሽ እንኳ። ተነስቼ እመጣለሁ።”

“አትመጪም” አልኳት። “ሱቅሽን ትከፍቺያለሽ።”

አንገቷን መልሳ ስታስገባ ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች። እኔ ከአልጋ ስነሳም፣ ክፍል ስገባም፣ ሐኪሙ በየስድስት ወሩ ብቻ ነይ ሲለኝም፣ ድኛለሁ ብዬ አልደፈርኩም ነበር። አራቴ ተሞኝቻለሁና። ሚኒባሱ ተነስቶ እህቴ ወደ ራሷ ሕይወት ስትሄድ ግን አመንኩ። የሚፈልጋት በሽተኛ ከኋላዋ አልነበረም።

ከመናኸሪያው እስከ አስፓልቱ ጎማዬን ራሴ ገፋሁ። አቀበቱ ሲጀምር ደሳለኝ ከኋላ መጥቶ እጀታውን ያዘ። አልከለከልኩትም፤ ደባርቅ አቀበቱ ከባድ ነው።